የላኮታ ሥነ ግጥም

ላኮታ በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ ሜዳዎች፣ ዛሬ በአብዛኛው በደቡብና በሰሜን ዳኮታ ግዛቶች የሚኖር ነባር ሕዝብ ነው። ግጥሙ ከመጻፉ በፊት ይዜም ነበር፤ የጀግና ውዳሴ፣ እሽሩሩና በራእይ የተገኘ መዝሙር ከአፍ ወደ አፍ ተላልፈዋል። የብዙዎቹ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ከበሮው፣ ድግግሞሹና ፍቺ የሌላቸው፣ ግን ቦታቸውን የማይለቁ ድምፆች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1883 የፀሐይ ጭፈራ የተሰኘውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት ሲከለክል ዜማዎቹም አብረው ተሳደዱ። ተመራማሪዋ ፍራንሲስ ዴንስሞር ስታንዲንግ ሮክ በተባለው የነባር ሕዝቦች ይዞታ በሰም ሲሊንደር የቀዳቻቸውን ዜማዎች በ1918 አሳተመች።

ከዛሬዎቹ ገጣሚያን ጎልታ የምትታየው የኦግላላ ላኮታ ተወላጇ ሌይሊ ሎንግ ሶልጀር ናት። በ2017 የታተመው «ዌርአዝ» የተሰኘ መድበሏ መንግሥት በ2009 ነባሮቹን ሕዝቦች ይቅርታ ለጠየቀበት፣ ድምፁ እምብዛም ላልተሰማ ሰነድ የተሰጠ መልስ ነው፤ የብሔራዊ መጻሕፍት ሐያስያን ማኅበርን የግጥም ሽልማትም አግኝቷል። የመጽሐፉ ርእስ የሆነውን የሕግ ሐረግ እየደጋገመች ሰነዱን በራሱ አነጋገር ትሞግተዋለች። ድግግሞሹ የጥንቱን ዜማ ቢያስታውስም የመጽሐፉን ኃይል በቃል ውርስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ባዶ ቦታና የገጽ አቀማመጥም እኩል ይናገራሉ። እጅግ የሚያመው በ1862 በማንካቶ ስለተሰቀሉት 38 የዳኮታ ወንዶች የጻፈችው ነው፤ ዳኮታዎች የላኮታ ወንድም ሕዝብ ናቸው።