በየቤቱ የሚገኘው አንድ ቁጥር

አዲስ ራውተር ገዝቶ ቤቱን በኔትወርክ ለማያያዝ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነገረው «192.168.1.1 ብለህ ግባ» ተብሎ ነው። በአንዳንዱ መሣሪያ ላይ የመጨረሻዎቹ አሐዞች ይለያዩ ይሆናል እንጂ መነሻው ብዙውን ጊዜ ያው ነው። እኔ ቤት ያለው ቁጥር ጎረቤቴም ቤት አለ፤ ቶኪዮም ቦስተንም አለ። ለመሆኑ አድራሻ ማለት አንዱን ከሌላው መለያ ከሆነ፣ ይህ የሁሉም የሆነ አድራሻ ከወዴት መጣ?

የመጣው ከእጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው ቪንት ሰርፍ ለኮምፒዩተሮች አድራሻ 32 ቢት እንዲሆን ወሰነ። ይህም በጠቅላላው 4,294,967,296 ቁጥሮች ይሰጣል። ነገሩ ገና ሙከራ ነበርና በጊዜው የተትረፈረፈ ይመስል ነበር። ደንቡ በ1981 ታትሞ ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ቁጥሩ እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ።

በግንቦት 1994 ዴንማርክ ይሠራ የነበረው ኤገቫንግና ጃፓን ይሠራ የነበረው ፖል ፍራንሲስ አንድ መላ አቀረቡ። መላውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እኛ አገር ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ስንቱ ሠራተኛ የዘመዱን ደብዳቤ ተቀብሎበታል! ውጭ ያለው ሰው የሚያውቀው የሣጥኑን ቁጥር ብቻ ነው፤ ለባለቤቱ ማድረስ የመዝገብ ቤቱ ሥራ ነው። ራውተርም እንዲሁ ነው። ከቤት የሚወጣውን መልእክት የላኪውን ቁጥር አንሥቶ በራሱ አንድ የውጭ ቁጥር ይተካል፤ ማን እንደላከ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያደርሳል። በ192.168 የሚጀምሩት 65,536 ቁጥሮች ደግሞ በዚያው ዓመት ለውስጥ አገልግሎት ከተተዉት መካከል ናቸው፤ ማንም ሳያስፈቅድ ይጠቀምባቸዋል።

ባለመላዎቹ ራሳቸው ነገሩን ያቀረቡት ለአጭር ጊዜ መፍትሔ ብለው ነበር። ዘላቂው ባለ128 ቢት አድራሻ በታኅሣሥ 1995 ታትሞ ወጣ። ነገር ግን ጊዜያዊው ቀድሞ ገበያ ገባ። ከታይዋን የፈለሱት ባልና ሚስት፣ ቪክተርና ጄኒ ሳኦ፣ በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና ጋራዣቸው ሊንክሲስን መሥርተው ነበር። በ1999 ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ራውተር አወጡ። ያኔ አንዳንድ የአሜሪካ የኬብል ኩባንያዎች ለሁለተኛው ኮምፒዩተር ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር፤ ይህች ሣጥን ግን ቤቱን በሙሉ አንድ ኮምፒዩተር አስመስላ ታቀርባለች። ተሸጠች! በ2003 ሲስኮ ድርጅቱን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በየካቲት 2011 የዓለሙ ማዕከላዊ የቁጥር ክምችት ሲያልቅም ብዙው ቤት ነገሩን ልብ ያለው አይመስለኝም።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም ባይ ነኝ። ኢንተርኔት ሲነደፍ ማንኛውም ኮምፒዩተር ማንኛውንም ማነጋገር እንዲችል ነበር። ከሣጥኗ በስተጀርባ ያለ ቤት ግን ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም፤ ከውጭ ተነሥቶ የመጣ እንግዳ ስሙ መዝገብ ላይ ስለሌለ ይመለሳል። ከሌባ እንደሚጠብቅ አልክድም። ነገር ግን ፎቶግራፎቹን ቤቱ አስቀምጦ ውጭ አገር ላለች እኅቱ በቀጥታ ለማሳየት የሚሻ ሰው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለዚያ ብቻ በር መክፈት አለበት። አብዛኛው ሰው ይህን ከማድረግ ይልቅ ፎቶግራፉን ለትልልቅ ኩባንያዎች አስረክቧል። ዛሬ ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን የውጭ ቁጥር ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። እዚያ መዝገብ ቤቱ በኩባንያው እጅ ነው፤ ደንበኛው 192.168.1.1 ብሎ ቢገባም የሚከፍተው በር የለም።