የጥድ ሴናተሮች

በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጎልፍ ሜዳ ላይ ስለቆሙ የቁማር ማሽኖች ውሳኔ ሰጠ። ማሽኖቹን ያቆሙት ስቶክብሪጅ-መንሲ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ቦታው ለእኛ ተከልሎ የተሰጠን መሬት ነው፣ ስለዚህ ማንንም ማስፈቀድ የለብንም አሉ። የዊስኮንሲን ግዛት ደግሞ፣ የለም፣ ያ መሬት የእናንተ መሆኑ ካበቃ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ብላ ተከራከረች። ዳኞቹ ክርክሩን ለመቁረጥ የቆዩ ሕጎች አገላበጡ። የመጀመሪያዋ የወጣችው በየካቲት 1871 ነው። ግዛቷ ረታች።

ያቺን የ1871 ሕግ በኮንግረስ የገፋት ሰው የጣውላ ነጋዴ ነበር። ስሙ ፊሊተስ ሶየር ይባላል። ሶየር በእንግሊዝኛ መጋዝ ስቦ እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው ማለት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ለገጸ ባሕሪው እንዲህ ያለ ስም ቢያወጣለት «ኧረ አበዛኸው!» እንለው ነበር። ታሪክ ግን አርታዒ የለውም።

ሶየር በ1816 ቨርሞንት ውስጥ ከደሀ ቤተሰብ ተወለደ፤ ትምህርትም ብዙ አላገኘም። በ1847 ወደ ዊስኮንሲን መጣና እንጨት በመሰንጠቅ ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ በኦሽኮሽ ከተማ የራሱ መሰንጠቂያ ኖረው። ኦሽኮሽ ያኔ በመሰንጠቂያዎቿ ብዛት «የሰጋቱራ ከተማ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት ከተማ ናት። ዋናው ስሟ ግን የመጣው ከሜኖሚኒ ሕዝብ አለቃ ከኦሽኮሽ ነው። አለቃው ሕዝቡ ከአገሩ ተነቅሎ ወደ ሚኒሶታ እንዳይሄድ ሲታገል ኖሮ፣ በ1854 በተፈረመ ውል በወልፍ ወንዝ ዳር የቀረችውን መሬት ለማስከበር በቅቷል። የሶየር ግንድ በወልፍ ወንዝ ተንሳፎ የሚደርሰው በዚሁ አለቃ ስም ወደተጠራችው ከተማ ነው። ሶየር በ1863 እና በ1864 የከተማዋ ከንቲባ ሆነ፤ ከዚያ ለአሥር ዓመት የኮንግረስ አባል፤ ከ1881 እስከ 1893 ደግሞ ሴናተር።

የጣውላ ነጋዴ ፖለቲካ ውስጥ ምን ይሠራል? መልሱን ለማግኘት ግንድ እንዴት እንደሚጓዝ ማየት ነው። በዚያ አገር ነጭ ጥድ የሚቆረጠው በበረዶው ወራት ነበር። (የእኛ አገር ጥድ ሌላ ዛፍ ነው፤ ይኼኛው ቀጥ ብሎ የሚረዝም፣ እንጨቱ ቀላል የሆነ ዛፍ ነው።) ሠራተኞች ጫካ ውስጥ ሰፍረው ይከርማሉ። ግንዱ ውሃ ተረጭቶበት በረዶ በሆነ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ወንዝ ዳር ይከመራል፤ በየግንዱ ጫፍም የባለቤቱ ምልክት በመዶሻ ይመታበታል፣ ልክ ከብት እንደሚተኮሰው። ፀደይ ሲመጣ በረዶው ይቀልጣል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ግንዱ ይለቀቃል። ታች ላይ በተንሳፋፊ አጥር ተይዞ፣ ምልክቱ እየታየ ለየባለቤቱ ይከፋፈላል።

አሁን አስቡት። ወንዙን ለመገደብ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? በወንዙ አፍ ላይ አጥር ዘርግቶ ከሌላው ሰው ግንድ ላይ ክፍያ የመሰብሰብ መብትስ ከየት ይገኛል? ከግዛቱ ምክር ቤት ነው። መሬቱስ? የፌዴራሉ መንግሥት አንዱን ኤከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ለባቡር ኩባንያዎች ደግሞ ሐዲድ ስላነጠፉ በገፍ ይሰጣል። ይህ ደግሞ የኮንግረስ ሥራ ነው። እንግዲህ መጋዝ ያለው ሰው ምክር ቤት ውስጥ ወዳጅ ያስፈልገዋል። ወዳጅ ከመፈለግ ደግሞ ራስ መግባት ይቀላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። እነ ሶየር ግን ከመሾማቸው በፊት በልተው የጠገቡ ሰዎች ነበሩ። እንደ ተራ ሌባ ቢሮ ገብተው ካዝና አልሰበሩም። ሶየር በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ደግና ቃሉን አክባሪ ሽማግሌ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ እኔም ግብዝ ነበር ለማለት አልደፍርም። ለመሰንጠቂያው የሚጠቅመው ለአገር እንደሚጠቅም ከልቡ ያምን ይመስለኛል። የሚከብደው ይኼ ነው።

ወደ ሕጓ ልመለስ። ስቶክብሪጅ-መንሲዎች ከምሥራቅ እየተገፉ እየተገፉ መጥተው፣ በ1856 ከሜኖሚኒዎች መሬት ተቆርሶ ሁለት ታውንሺፕ ተሰጣቸው። አንድ ታውንሺፕ ስድስት ማይል በስድስት ማይል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ማይል በአንድ ማይል የሆኑ 72 ቁራሾች ይሆናሉ። መሬቱ ለእርሻ እምብዛም ነበር፤ ጥድ ግን ሞልቶበታል። የ1871 ሕግ 18 ቁራሽ ብቻ አስቀርታ የቀረው እንዲሸጥ ፈቀደች። የጥድ መሬት በጨረታ ሲቀርብ ማን እንደሚገዛው መናገር አያስፈልግም፤ የሚቆርጥበት ሰውና የሚያወርድበት ወንዝ ያለው ነው የሚገዛው። ዛፉ በጥቂት ዓመታት አለቀ። ሕጓ ግን አላለቀችም፤ የጎልፍ ሜዳው ድረስ ደረሰች።

በዚያው በ1871፣ ጥቅምት 8 ቀን ማታ፣ ጣውላና ሥልጣን የተገናኙበት ሌላ ታሪክ በእሳት ተጻፈ። ቺካጎ የተቃጠለችበትን ሌሊት ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ 300 ሰው ሞቷል። በዚያችው ሌሊት ከቺካጎ በስተሰሜን ፔሽቲጎ የምትባል የዊስኮንሲን የጣውላ ከተማ ከነአካባቢዋ ነደደች። የሟቾቹ ቁጥር ከ1,200 እስከ 2,400 ይገመታል። ትክክለኛው ቁጥር የማይታወቀው የሕዝብ መዝገቡም ጎረቤቱም አብሮ ስለተቃጠለ ነው። የማን አስከሬን እንደሆነ የሚለይ ሰው ታጥቶ 350 ያህሉ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። የዳኑት አብዛኞቹ ወንዙ ውስጥ ገብተው፣ ፀጉራቸውን እያረጠቡ ያደሩ ናቸው።

በጋው ዝናብ አልነበረውም። ገበሬው መሬት ለመመንጠር፣ የባቡር ሠራተኛው መስመር ለመጥረግ በየቦታው እሳት ይለኩስ ነበር። ጫካው ውስጥ ግንዱ ተወስዶ ቅርንጫፉና ጫፉ እየተጣለ የተከመረ ደረቅ ጭራሮ ሞልቷል። ከተማው ራሱ እንጨት ነው፤ ቤቱ እንጨት፣ የእግረኛ መንገዱ ጣውላ፣ አቧራ እንዳይነሳ መንገድ ላይ የተበተነው ሰጋቱራ። እሳቱን የጫረው ንፋሱ ይሁን ሰው፣ ማገዶውን ያዘጋጀው ግን ንግዱ ነው።

የፔሽቲጎ ኩባንያ ዋና ባለቤት ዊሊያም ኦግደን ይባላል። ማን መሰላችሁ? በ1837 የተመረጠው የመጀመሪያው የቺካጎ ከንቲባ! በአንድ ሌሊት ቺካጎም ፔሽቲጎም የነበረው ንብረት ነደደበት። ሸሪኩ ደግሞ አይዛክ ስቲቨንሰን ነው። ከካናዳ ኒው ብራንዝዊክ የመጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫካ ውስጥ ያደገ፣ አጠገብ ባለችው ማሪኔት የሚኖር ሰው። እሳቱ ሲበርድ ለተረፉት ዕርዳታ ያስተባበረው እሱ ነበር። ሀብቱን መልሶ አበዛው፣ በ1883 ኮንግረስ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ተመርጦ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። የሚመኘው ግን ሴናተርነትን ነበር።

እዚህ ላይ ሦስተኛ ሰው ይገባል፤ እሱ እንኳ ጣውላ ነክቶ አያውቅም። ሮበርት ላ ፎሌት ወጣት ጠበቃና የኮንግረስ አባል የነበረ፣ የሶየር ፓርቲ ልጅ ነው። በመስከረም 1891 ሚልዋኪ ከተማ በሚገኝ ሆቴል ሶየር አስጠራው። የቀድሞዎቹ የግዛቱ ገንዘብ ያዦች የሕዝቡን ገንዘብ ባንክ እያስቀመጡ ወለዱን ለራሳቸው ይወስዱ ስለነበር ተከሰዋል። ዋሳቸው ሶየር ነው፤ ከተፈረደባቸው የሚከፍለው እሱ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ደግሞ የላ ፎሌት የእህቱ ባል ሆኖ ተገኘ። ላ ፎሌት «ገንዘብ አውጥቶ ፍርዱን ልግዛ አለኝ» ሲል፣ ሶየር «በጥብቅና ልቀጥረው ነበር፣ ዝምድናውንም አላወቅሁም» አለ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። ፓርቲው ሽማግሌውን አመነና ላ ፎሌትን ገፋው። እሱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕይወቱን ሙሉ የሚዋጋለት ጉዳይ አገኘ።

ለመዋጋት ገንዘብ ያስፈልጋል። ከየት መጣ? ከጣውላ! በ1899 የሴናተርነቱ ወንበር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ስቲቨንሰን አኮረፈና ኪሱን ለላ ፎሌት ከፈተ። በ1901 እሱን የሚደግፍ ጋዜጣ ሚልዋኪ ላይ አቋቋመ። ላ ፎሌት በ1900 ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ ዕጩዎችን የፓርቲ አለቆች ሳይሆኑ ሕዝቡ ራሱ በድምፁ የሚመርጥበትን ሕግም በ1904 በሕዝበ ውሳኔ አጸደቀ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በሆቴል ክፍል የሚደረገውን ድርድር ወደ አደባባይ ማውጣት።

በ1908 የሴናተር ዕጩ በዚሁ ሕግ ሲመረጥ ስቲቨንሰን፣ በ79 ዓመቱ፣ ተወዳደረና አሸነፈ። ያወጣው ገንዘብ 107,793 ዶላር ነው። የአንድ ሴናተር ደመወዝ ያኔ በዓመት 7,500 ዶላር ነበር፤ የስድስት ዓመቱ ተደምሮ 45,000። ሰውየው ሥራውን ለማግኘት ሥራው ከሚከፍለው ሁለት እጥፍ በላይ ከፈለ ማለት ነው። ገንዘቡ ለቀስቃሾች፣ ለጋዜጦች፣ ለሲጋራና ለቢራ ሄደ። ሴኔቱ ጉዳዩን መርምሮ በመጋቢት 1912 በጠባብ ልዩነት ወንበሩ ላይ አቆየው። በዚያው ዓመት ግን የኢሊኖዩን ሴናተር ዊሊያም ሎሪመርን አባረረ። እዚያም ጉዳይ ውስጥ ስሙ ሲነሳ የነበረው አንድ የቺካጎ ጣውላ ነጋዴ ነው፣ ኤድዋርድ ሃይንስ። ኮንግረስ በ1911 የአንድ ሴናተር ዕጩ ወጪ ከ10,000 ዶላር እንዳይበልጥ ደነገገ፤ በ1913 ደግሞ ሴናተሮችን የግዛት ምክር ቤቶች መምረጣቸው ቀርቶ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ማሻሻያ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ በ1908 ያለ ብዙ ጫጫታ የወጣ ሌላ ሕግ ነው። ላ ፎሌት ያኔ ሴናተር ሆኗል። የቀሩትን የሜኖሚኒዎች ደን የሚመለከት ሕግ አቀረበ፤ የሚቆረጠው የሞተ፣ የወደቀና ለመቆረጥ የደረሰ ዛፍ ብቻ እንዲሆን፣ መሰንጠቂያውም እዚያው በሕዝቡ መሬት ላይ እንዲሠራ። ሜኖሚኒዎቹ ይህንን ከማንም ሊማሩት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ለሽያጭ አንሰጥም እያሉ ለአሥርት ዓመታት ጥድ ፈላጊዎችን ሲመልሱ የኖሩት እነሱ ናቸው። የፌዴራሉ ሹማምንት ግን ሕጉን ጥሰው ጫካውን በየቦታው ጨርሰው አስቆረጡት። ሕዝቡ ከሰሰ። በ1951 መንግሥት 8.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ኮንግረስ ራሱን የቻለ ሕዝብ ናችሁ ብሎ የተከለለላቸውን መሬት ሕጋዊ ጥበቃ የሚያፈርስ ሕግ አወጣ፤ በ1961 ተግባራዊ ሆነ። ታግለው በ1973 አስመለሱት።

ከ1854 ወዲህ ከዚያ ደን ከ2 ቢሊዮን ቦርድ ፉት በላይ ጣውላ ወጥቷል። (አንድ ቦርድ ፉት ጎንና ጎኑ አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ጣውላ ነው።) ዛሬ ቆሞ ያለው ዛፍ ያኔ ከነበረው ይበልጣል። ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ የመሬታቸው ወሰን በመሪ የተሰመረ ይመስላል፤ በዚህ በኩል ጥቁር አረንጓዴ ደን፣ በዚያ በኩል የእርሻ ቁርጥራጭ። የኒዮፒት መሰንጠቂያ አሁንም ይሠራል። ወልፍ ወንዝ ከደኑ ወጥቶ፣ ሐይቆቹን አልፎ፣ እንደ ድሮው ወደ ኦሽኮሽ ይወርዳል፤ ግንድ ግን አይዞም።