ጠላት በዘበኛው ሆድ

መተማ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ወር፡፡ ያ ቆላ ግን ነጋሪት ያልተጎሰመለት ሌላም ጦርነት ያውቃል፡፡ የሚካሄደው በሰው ገላ ውስጥ ነው፤ ጠላቱም ካላዛር ይባላል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሁመራና በመተማ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ሲስፋፋ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በዛ፡፡ ማደሪያው ሜዳ፣ ጥላው ግራር ነበር፡፡ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በግራሩ ሥርና በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውላ በምሽት ትነክሳለች፡፡ በዚያው አሥርት ዓመት መገባደጃ ካላዛር በእነዚህ ሠራተኞች ላይ በወረርሽኝ መልክ ወረደ፡፡

ለመሆኑ ገላችን መከላከያ የለውም? አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1882 ሩስያዊው ኢልያ ሜችኒኮቭ በሲሲሊ ደሴት በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ ሲመለከት፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት መጥተው እሾሁን ሲከቡት አየ፡፡ ባዕድን ውጠው የሚፈጩ ዘበኞች በገላ ውስጥ እንዳሉ ማስተማሩ በ1908 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት፡፡ ከእነዚህ ዘበኞች አንዱ ማክሮፌጅ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1903 ዊልያም ሌሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን፣ በየፊናቸው፣ በሕንድ የታመሙ ሰዎችን ጣፊያ መርምረው የካላዛርን ተውሳክ ይፋ አደረጉ፡፡ የሚገርመው መኖሪያው ነው፡፡ ማክሮፌጁ ተውሳኩን ይውጠዋል፤ መፍጨት ግን ይሳነዋል፡፡ የተዋጠው በዘበኛው ሆድ ተራብቶ፣ አፈንድቶት ወጥቶ፣ ወደ ሌላው ይሻገራል፡፡ ጣፊያና ጉበት የሚያብጡት በዚህ ነው፡፡

የነቀርሳ ባክቴሪያም በሳንባ ውስጥ የሚጠለለው በዚሁ ዓይነት ሕዋስ ነው፡፡ እዚያ ደግሞ ዘበኞቹ ርዳታ እየጠሩ ሲከማቹ ብግነቱ ሥር ይሰድና ሳንባውን ራሱን ይጎዳል፡፡ እንግዲህ ዘበኛው መብዛቱ ብቻ አይበቃም፤ በልክ የሚያዘው አለቃ ይሻል፡፡ ይህ አለቃ ቲ የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው፡፡ ኤች አይ ቪ የሚገድለው ይህንኑ ሲሆን፣ ረሃብም ያደክመዋል፡፡ ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ካላዛሩ ታክሞም የሚያገረሸው ስለዚህ ነው፡፡

ጠላቱ ቆላ ብቻ አልቀረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 በደጋው በሊቦ ከምከም ወረዳ ወረርሽኙ ሲታወቅ ብዙ ሰው አልቆ ነበር፤ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበርና፡፡ ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል፡፡

ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል፡፡ ሕክምናው ግን አለ፤ በአገራችን የተለመደው የ17 ቀን መርፌ ነው፡፡ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና ግራ ጎኑ ካበጠ፣ ወባ ነው ብሎ ዝም ማለት አይገባም፡፡ እርግጥ ነው፣ 17 ቀን መተኛት ለቀን ሠራተኛ 17 ቀን ያለ ደመወዝ መዋል ነው፡፡ መድኃኒቱ የተገኘለት በሽታ ዛሬም ሰው የሚገድለው አንድም በዚህ ሂሳብ ነው፡፡