ጥንቸልና የዴንቨር ብርድ፦ አንድ ስም፣ ሁለት እንስሳ

በዴንቨርና በኦሮራ የዛፉ ቅጠል ረግፎ የመጀመሪያው በረዶ ጠብ ሲል፣ ጓሮ ባላቸው በርካታ የኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ክርክር ይነሣል። በፀደይ ወራት ለልጅ ደስታ ተብላ የተገዛችው ጥንቸል ጓሮ ውስጥ ባለች ጎጆ ታድራለች። ልጅ «አባዬ፣ ብርዱ ይገድላታል፤ ወደ ቤት እናስገባት» ይላል። አባትም «ልጄ፣ አገር ቤት ጥንቸል የምታድረው በዱር ነው። ማን ብርድ ልብስ ያለብሳታል?» ብሎ ይመልሳል። እናት ደግሞ «እንስሳ ከሰው ጋር አያድርም» ብላ ነገሩን ትቋጫለች። ጠዋት ግን ጓሮ ወጥቶ የሚያየው ያው ልጅ ነው።

አባትየው አልዋሸም። ልጁም አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚነጋገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ያሻል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ ነገር

አማርኛ «ጥንቸል» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ዘመዳሞችን ይጠራል። በኢትዮጵያ ሜዳና ተራራ የምትሮጠው ረጅም እግር ያላት የዱር ጥንቸል ናት። ከነዚህም አንዷ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማትገኝ ስትሆን፣ በባሌ ተራሮች ውርጭ በሚወርድበት ከፍታ ሳይቀር ትኖራለች። ይህች እንስሳ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣር ውስጥ ተለጥፋ ታድራለች። ግልገሎቿ ሲወለዱ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው። አባትየው በልጅነቱ ያያት እርሷን ነው።

የአሜሪካ ልጆች የሚያሳድጓት ግን ሌላ ናት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከስፔን፣ ከፖርቱጋልና ከደቡብ ፈረንሳይ ነው። ይህችኛዋ የጉድጓድ እንስሳ ናት። ልጆቿ እርቃናቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ፤ እናት ከራሷ ደረት ጠጉር ነጭታ ታነጥፍላቸዋለች። በዱር ሳለች ከብርድ የሚያድናት ጠጉሯ ብቻ ሳይሆን፣ ከመሬት በታች ያለው ነፋስ የማይገባው፣ ሙቀቱም እንደ ውጭው ቶሎ የማይለዋወጠው ጉድጓዷ ነው። ሰው በሽቦ ቤት ሲያስቀምጣት ጠጉሯን ትቶላት ጉድጓዷን ወሰደባት። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

በስም መሳሳት የተጀመረው በአማርኛ አይደለም። አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚሉት የጥንት ፊንቄያውያን መርከበኞች ወደዚያ ባሕር ዳርቻ በደረሱ ጊዜ ይህችን እንስሳ አይተው የአገራቸው ሽኮኮ መሰለቻቸው፤ አገሩንም «የሽኮኮ ዳርቻ» አሉት። ሮማውያን ኋላ «ሂስፓኒያ» ያሉት፣ ዛሬ ስፔን የሚባለው ስም ከዚያ እንደመጣ ይገመታል።

ከገዳም እስከ ጓሮ

ሮማውያን ጥንቸልን በታጠረ ግቢ ለሥጋ ያረቡ ነበር። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደዘገበው፣ በባሌአሪክ ደሴቶች ጥንቸል ከመጠን በላይ ተራብቶ አዝመራ ስላጠፋ፣ ነዋሪዎቹ ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ጦር እንዲልክላቸው ለምነዋል።

ስለ ማላመዱ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክም አለ። በ600 ዓ.ም. ገደማ የሮማ ጳጳስ የነበሩት ጎርጎርዮስ ያልተወለደ የጥንቸል ግልገል ከሥጋ አይቆጠርም፣ በጾምም ይበላል ብለው ስለፈቀዱ፣ የፈረንሳይ መነኮሳት ጥንቸል ማርባት ጀመሩ ይባል ነበር። ሁዳዴን ለሚያውቅ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ወሬ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ግን ታሪኩ መሠረት የሌለውና ከተሳሳተ ንባብ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ጥንቸል በአንድ ቀን ትእዛዝ ሳይሆን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የለመደችው።

ኖርማኖች ወደ እንግሊዝ አሻገሯት። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የተባለ ሰው ጥቂት ጥንቸሎችን አውስትራሊያ ውስጥ ለአደን ሲል ለቀቀ፤ አገሩም እስከ ዛሬ ያልተገላገለው መቅሠፍት ሆነ። በአሜሪካ የአርቢዎች ብሔራዊ ማኅበር በ1910 ተመሠረተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 ሥጋ በራሽን ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰብ በጓሮው ጥንቸል አረባ። በዴንቨርም ከ1906 ጀምሮ በየጥሩ በሚካሄደው ታላቁ የከብት ትርዒት ላይ ጥንቸሎች ከበሬና ከፈረስ ጋር ለውድድር ይቀርባሉ።

ከዚህ ታሪክ አንድ የሚጠቅም ነገር ይገኛል። ከእግር በታች ሽቦ የሆነው፣ በአራት ቋሚ ላይ የቆመው የተለመደ የጥንቸል ቤት የተሠራው ጥቂት ወራት ቆይታ ለምትታረድ እንስሳ ነበር፤ ሽቦው ፋንድያው እንዲወርድ ነው። ስምንትና አሥር ዓመት እንድትኖር ለሚፈለግ የልጅ ወዳጅ ግን እንዲያው እንዳለ አይበቃም።

በኢትዮጵያ ይህ ልማድ አልነበረም። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ጋር ስለተቆጠረች፣ የኦርቶዶክስ ምእመናንና ቤተ እስራኤላውያን አይበሏትም። ስለዚህ በደጋው አገር በተረት ውስጥ ብልጥ ሆና ትታወቅ እንጂ በግቢ አትረባም። ከአያት የተወረሰ የጥንቸል ቤት አሠራር የለም።

ሁለት ዓይነት ክረምት

ግራ የሚያጋባው ሌላው ቃል «ክረምት» ነው። በአገር ቤት ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። ቆዳ የሚሰነጥቀው ብርድ የሚመጣው ግን በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ሲሆን፣ ደብረ ብርሃንና መንዝ ማሳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያነጋል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ውርጩ ይቀልጣል።

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት። «ባለ አንድ ማይል ከፍታ ከተማ» ብትባልም ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ታንሳለች። ይሁንና ከምድር ወገብ ርቃ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ ብርዷ ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1913 መጀመሪያ 45.7 ኢንች፣ ማለትም 116 ሳንቲ ሜትር በረዶ ወረደባት። በ1982 የፈረንጅ ገና ዋዜማ 23.8 ኢንች ጥሎ ከተማዋን ዘጋት። በመጋቢት 2003 ደግሞ 31.8 ኢንች ወረደ።

ከበረዶው ይልቅ የሚያስፈራው የአየሩ ድንገተኛ መገለባበጥ ነው። በታኅሣሥ 21 ቀን 2022 በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ42 ወደ 5 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ፤ በማግስቱ ከዜሮ በታች 24 ደረሰ። ይህም በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 31 ነው። የባሌዋም ጥንቸል እንዲህ ያለ ሌሊት አታውቅም።

የመንዝ እረኛ የሚያውቀው

ያም ሆኖ ከደጋ የመጣ ወላጅ እጁ ባዶ አይደለም። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር በርኖስ ሠርቶ የሚለብስ፣ ጥጃና ግልገል ጋጣ ውስጥ የሚያስገባ፣ ዶሮውን ከሸለምጥማጥ ለማዳን ቆጥ ላይ የሚያሳድር ነው። እረኛም በግን የሚገድላት ደረቅ ብርድ ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ መሆኑን ያውቃል። ይኸው እውቀት ለጥንቸልም ይሠራል።

ጤነኛና አዋቂ ጥንቸል በመከር ወራት ወፍራም ጠጉር ስለምታበቅል፣ ደረቅ ከሆነች ብርድን ከሙቀት ይልቅ ትችላለች። ስለዚህ ቤቷ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጀርባውን ነፋስ ወደሚመጣበት አዙሮ መቆም አለበት። ጣሪያው ውሃ የማያስገባ፣ የመኝታዋ ክፍል በሦስት ወገንና ከታች በጣውላ ወይም በኮምፔንሳቶ የተዘጋ፣ በደረቅ የስንዴ ጭድ የተሞላ ይሁን። ጭዱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ እርሷም ሰርስራ ገብታ የተነጠቀችውን ጉድጓድ ትሠራበታለች። ብርድ ልብስ ግን ረጥቦ በረዶ ይሆናል። የእርጥብ ጭድ ለውጥ በየቀኑ ነው። ሽቦውን በሸራ መሸፈን ደግ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ከታፈነ የሽንቷ ሽታ ሳንባዋን ስለሚጎዳ ከላይ በኩል አየር ይተውላት።

ምግቧ ድርቆሽ ነው፤ በብርድ ጊዜ ሙቀት የምታመነጨው እርሱን በማኘክና በመፍጨት ስለሆነ ከወትሮው በላይ ይጨመርላት። ውሃ ትልቁ ችግር ነው። በዴንቨር ሌሊት የጠርሙስ ጫፍ ወዲያው በበረዶ ይደፈናል። ያልጠጣች ጥንቸል መብላት ታቆማለች፤ ለግማሽ ቀን ካልበላች ሆዷ ሥራ ያቆማል፤ ይህም ሐኪም የሚያስፈልገው አደጋ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውሃ በከባድ ሳሕን ይቀየርላት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ስለ ጠላቶቿም ማሰብ ይገባል። በዴንቨርና በኦሮራ ቀበሮ፣ ኮዮቴ፣ ጉጉትና ራኩን ከሰው ሰፈር ይደርሳሉ። ራኩን እንደ ሸለምጥማጥ በሌሊት የሚዞር፣ ጣቶቹም መቀርቀሪያ የሚከፍቱ እንስሳ ነው። ለዶሮ የሚሠራው ስስ ሽቦ አያቆመውም። ቀዳዳው ከግማሽ ኢንች ያልበለጠ ጠንካራ ሽቦና ቁልፍ ያለው በር ያስፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት የመጣ ሌላ አደጋም አለ። የጥንቸል ደም አፍሳሽ በሽታ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ቫይረስ በ2020 የጸደይ ወራት ወደ ኮሎራዶ የዱር ጥንቸሎች ገባ። ለሰው አይተላለፍም፤ ጥንቸልን ግን ምልክት ሳያሳይ ይገድላል፤ ብርድም አያጠፋውም። በጫማና በድርቆሽ ጭምር ይዛመታል። ከ2021 መገባደጃ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ክትባት ስላለ የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ነው። በጓሮ የሚታዩት ትንንሽ የዱር ጥንቸሎች ከቤቷ ጋር እንዳይቀላቀሉ፣ ሞተው ቢገኙም ልጆች በባዶ እጅ እንዳይነኳቸው ያስፈልጋል።

እንደ 2022ቱ ያለ ሌሊት ሲመጣ ግን ጭድም ሽቦም አይበቃም። ግልገል፣ ያረጀች ወይም የታመመች ጥንቸልም ከዚያ ባነሰ ብርድ መግባት አለባት። የምትገባበት ክፍል ማሞቂያው የጋለ ሳሎን ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ ምድር ቤት ወይም መኪና የማይነሣበት ጋራዥ ይሁን። ቤት ውስጥ ብዙ ሳምንት ከቆየች የክረምት ጠጉሯ ስለሚሳሳ በጥር መሐል መልሶ ውጭ ማውጣት ክፉ ነው፤ እስከ ፀደይ ትቆይ። ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ ፈዝዛ ከተገኘች በፎጣ ጠቅልሎ ቀስ እያሉ ማሞቅና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

እናትየው «እንስሳ ከሰው ጋር አያድርም» ብትልም፣ እናቷ በውርጭ ሌሊት ጥጃውን ጋጣ ውስጥ ያስገቡ እንደነበር ታስታውስ ይሆናል። ልጁ ያንን ታሪክ አልሰማም። ጭዱን አብረው ሲያነጥፉ ቢነግሩት፣ አያቱ ያሳደሯቸውን ጥጆች ያውቃል፤ ጥንቸሏም በሕይወት ታነጋለች።