ብቸኝነት በአረጋውያን ማዕከል፦ ቤተሰብ ምን ማየት አለበት?

ብቸኝነት ሰው የሚፈልገውን ያህል ቅርበት ሲያጣ የሚሰማው ስሜት ነው። በሰው ተከበውም ሊሰማ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በብቸኝነት ይቸገራል። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለድብርትና ለመርሳት ችግር ያጋልጣል።

በአገራችን አብዛኞቹ አረጋውያን የሚጦሩት ቤት ውስጥ ነው። ጧሪ ያጡት እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ባሉ ተቋማት ይረዳሉ። ከእነዋሪ ተነስተው አዲስ አበባ ማዕከል የገቡ አባት ከቤታቸው ሌላ እድራቸውን፣ ሰንበቴያቸውንና የቡና ጎረቤታቸውን ትተው ነው የሚመጡት። ዕድሜያቸውን የጅሩ ሰንጋ ሲያደልቡ ኖረው ስለ ሰንጋ የሚያወጋቸው ሰው ካጡ፣ ምግቡ ቢሟላም ዝም ማለታቸው አይገርምም።

እዚህ ላይ ወሳኙ የሠራተኞቹ የሥራ ባህል ነው። አንዷ አጥባ፣ ሌላዋ አብልታ፣ ሦስተኛዋ መድኃኒት ሰጥታ ከሄደች፣ አረጋዊው ብዙ ሰው አይተው ከማንም ጋር ሳይጫወቱ ይመሻል። ሁልጊዜ አንድ ሠራተኛ ቢመደብላቸው ይሻላል፤ የምግብ ፍላጎታቸው ሲቀንስ ቀድማ የምታስተውለው የምታውቃቸው ናት። ቁጭ ብላ ስታወጋ «ሥራ ፈታሽ» የሚላት አለቃ ካለ ግን ማንም አይቀመጥም።

ማዕከሉን ሲጎበኙ ያስተውሉ። ሠራተኞቹ «አባባ»፣ «እማማ» ብለው በስም ይጠራሉ ወይስ በአልጋ ቁጥር? ጥጥ መፍተል ወይም እህል መልቀም ለሚችሉ ሥራ ይሰጣሉ? ሁሉን ሥራ መከልከል አክብሮት ቢመስልም ይጎዳል።

በበዓል ማዕድ ለማጋራት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ የሚጎድለው በአዘቦት ቀን የሚመጣ ጠያቂ ነው። ርቀው የሚኖሩ ከሆነ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይደውሉ። የክርስትና ስማቸውን፣ የሠሩትን ሥራ፣ የሚወዱትን ጨዋታ በአንድ ገጽ ጽፈው ለሠራተኞቹ ይስጡ።

«ሰው አይፈልጉም» ከማለትዎ በፊት ጆሮና ዓይናቸውን ያስመርምሩ። አንዳንዴ ችግሩ በጤና ተቋም የሚጸዳ የጆሮ ኩክ ብቻ ነው።

ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። በድንገት መዘባረቅ ወይም መፍዘዝ ከብቸኝነት የሚመጣ አይደለም፤ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመሩም ብቻቸውን አይተዋቸው፤ ዛሬውኑ ለሐኪም ይንገሩ።