እርከኑን ማን ይሥራው? መሬት፣ በሬና አፈር በጎጃም

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሁለት ተዳፋት ማሳዎች ጎን ለጎን አሉ። በአንዱ ላይ እርከን ተሠርቷል፤ የሌላው አፈር ግን በየክረምቱ ታጥቦ ይሄዳል። ምክንያቱ የባለቤቱ ስንፍና ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። የምዕራብ ጎጃም የመሬት ታሪክ ሌላ መልስ አለው።

እርከን ዛሬ ጉልበት ይበላል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ አቅምና ዋስትና።

ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው ደጋ ዳሞት፣ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን የርስትን ሥርዓት በ1950ዎቹ አጥንቷል። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ፣ በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል፣ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። መብቱ ሰፊ ነው። ግን ሙግት አያልቅም፤ ተሰሚነት ያለው ሰው ደግሞ በሙግት ብዙ መሬት ይይዝ ነበር። ያም ሆኖ ገበሬው ርስቱን አጥብቆ ይወድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀው፣ በከፊል «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው» በሚል ስጋት ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ሽግሽግ ተደረገ። «ቢሮክራት» ለተባሉት 1 ሄክታር ገደማ ሲተውላቸው፣ የሌሎቹ ጣሪያ 3 ሄክታር ነበር። መሬት ያልነበራቸው አገኙ። በሌላ በኩል ግን «ቀጥሎ የማን ተራ ነው?» የሚል ስጋት ቀረ። ነገ ለሚወሰድ ማሳ ማን ድንጋይ ይሸከማል?

ደግሞም መሬት ሲከፋፈል በሬ አብሮ አልተከፋፈለም። ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ ወይም የሌላት እማወራ መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጣሉ። ባለ በሬው ምርቱን ይካፈላል እንጂ በሰው መሬት ላይ እርከን የመሥራት ፍላጎቱ አነስተኛ ነው። ማገዶ ያጠረው ቤት ደግሞ ኩበቱን ያነዳል፤ ማሳው ፍግ ያጣል። አፈሩ ሲሳሳ ምርት ይቀንሳል፣ ድህነቱም ይብሳል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የባልንም የሚስትንም ስም የያዘ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት ደብተሩ ስጋትን እንደቀነሰና የአፈር ጥበቃ ሥራን እንደጨመረ አሳይቷል። ደብተር ዋስትና ይሰጣል፤ በሬ ግን አይሰጥም። የአቅም ልዩነቱ አሁንም አለ።

እናም በቡሬ መንገድ ስታልፉ የተቦረቦረ ማሳ ካያችሁ፣ በገበሬው ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ፦ መሬቱ የማን ነው? በማን በሬ ይታረሳል? ምርቱንስ እነማን ይካፈሉታል?