የእጅ ዋጋ፦ በትእዛዝ የሚሠሩ ኩዊልቶች እንዴት ይተመኑ ነበር?

(በታሪክ ትምህርት ክፍል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከታላላቅ ጦርነቶች የራቀ ሊመስል ይችላል፤ የምንነጋገረው ስለ አንድ የአልጋ ልብስ ዋጋ ነውና። ይሁን እንጂ ዋጋ ለታሪክ ተመራማሪ ታማኝ ሰነድ ነው። ሰዎች ስለ ሥራ ክብር በአደባባይ የተናገሩትን በሌላ ቦታ እናገኘዋለን፤ ለሥራ ለመክፈል የፈቀዱትን ግን የሚነግረን ዋጋው ነው።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ላይኛው ገጽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ወይም ወጥ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ የጥጥ ባዘቶ ወይም ሱፍ፣ ሥሩ ደግሞ ገበር ነው። ሦስቱ በመወጠሪያ ላይ ተወጥረው ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን የእጅ ስፌት አንድ ይሆናሉ። በአማርኛ ቅርብ የሆነው ቃል ድሪቶ ነው። ድሪቶ ግን የችጋር ትርጉም ስለ ተጫነው፣ ቃሉ ራሱ ገና ከመነሻው ዋጋውን ዝቅ ያደርግብናል። ስለዚህ ኩዊልት በሚለው ስም እጠቀማለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው። በትእዛዝ የሚሠራ ኩዊልት ዋጋ በታሪክ ውስጥ ሥራው የፈጀውን ጊዜ በትክክል የለካበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ዋጋው የሚነግረን፣ ሠሪዋ ትእዛዙን አልቀበልም ብትል ወዴት ልትሄድ ትችል እንደነበር ነው። ይህንንም ከአሜሪካና ከብሪታንያ ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ክርን መቁጠር

ከምናውቀው እንጀምር። በአገራችን ጋቢ ወይም ኩታ የሚያሠራ ሰው ማጉን ገዝቶ ወይም ድሩንና ማጉን በቤቱ አስፈትሎ ለሸማኔው ይሰጣል፤ ሸማኔውም የእጁን ዋጋ ይቀበላል። በዚህ አሠራር ጥሬ ዕቃውና ሙያው በግልጽ ይለያያሉ። በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ተመሳሳይ አሠራር ነበር። አንዲት ሴት የኩዊልቱን ላይኛ ገጽ በቤቷ ገጣጥማ፣ ስፌቱን በሙያዋ ለታወቀች ሌላ ሴት ትሰጣለች፤ የምትከፍለውም የእጅ ዋጋ ነው።

ታዲያ ይህ የእጅ ዋጋ በምን ይለካ? በብዙ ቦታ የተለመደው መለኪያ ክር ነበር። ሰፊዋ የምትጠይቀው ሥራው በፈጀው የክር ርዝመት ወይም የጥቅል ብዛት ልክ ነበር። ይህ መለኪያ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለክርክር በር አይከፍትም። ባዶው የክር ማጠንጠኛ በሁለቱም ወገን ፊት ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ነገር ግን ክር የሚናገረው ስፌቱ የተጓዘበትን መንገድ ርዝመት ብቻ ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ 6 ስፌት የምትሰፋ ሴትና 12 ስፌት የምትሰፋ ሴት የሚፈጁት ክር እምብዛም አይራራቅም፤ የሚፈጁት ጊዜ ግን በእጅጉ ይለያያል። ንድፉን ማሰብ፣ በጨርቁ ላይ ማስመር፣ ሦስቱን ድርብ ሳይሸበሸብ መወጠር፣ እነዚህ ሁሉ ክር አይፈጁም። ስለዚህ መለኪያው ለደንበኛም ለሠሪም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ከሙያው የላቀውን ክፍል ሳይቆጥር ያልፈዋል። ሥራው ከቤት ሥራና ከእርሻ በተረፈ ሰዓት፣ አብዛኛውንም ጊዜ በምሽት ስለሚሠራ፣ ያ ሰዓት እንደ ነጻ ይታይ ነበር።

አምስት ዶላር

ሰዓቱ ነጻ ተደርጎ ሲታይ ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው? የሃሪየት ፓወርስ ታሪክ መልሱን በግልጽ ያሳያል። ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች። ከነጻነት በኋላ ከባሏ ጋር በአነስተኛ እርሻ ትኖር ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ምስል የሰፋችበት ኩዊልቷ በ1886 በአቴንስ ከተማ በተካሄደ የጥጥ ትርኢት ላይ ቀረበ። በዚያ ያየችው ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት ልትገዛው ጠየቀች፤ ፓወርስም በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠና ፓወርስ ራሷ ለመሸጥ መጣች። 10 ዶላር ጠየቀች፤ ስሚዝ 5 ዶላር ብቻ ልትሰጥ እንደምትችል ነገረቻት። ፓወርስ ከባሏ ጋር ተማክራ፣ ጊዜው ስለከፋ በአምስቱ ተስማማች። ኩዊልቱን ካስረከበች በኋላም ልታየው ተመላልሳ ትመጣ እንደነበር ስሚዝ ጽፋለች። ያ ኩዊልት ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ይህ ሽያጭ የትእዛዝ ሥራ አልነበረም። እዚህ የጠቀስኩት ግን ዋጋ የሚወሰንበትን ኃይል ያለ ሽፋን ስለሚያሳይ ነው። በ1886 እና በሽያጩ ቀን መካከል ኩዊልቱ አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ሥራም አልቀነሰም። የተለወጠው የሠሪዋ አቅም ነው። መጀመሪያ እንቢ ማለት ትችል ነበር፤ በኋላ አልቻለችም። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ የክር መለኪያ የለም።

ሳምንታዊ ሽልንግ

አሁን ወደ ብሪታንያ እንሻገር። በሰሜን እንግሊዝ፣ አለንሄድስ በተባለው የማዕድን አካባቢ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆርጅ ጋርዲነር የተባለ ባለሱቅና ተማሪው ኤልዛቤት ሳንደርሰን ንድፍን ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። በኩዊልቱ ገጽ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ይነድፋሉ፤ ደንበኛዋ የንድፉን ዋጋ ከፍላ ስፌቱን በቤቷ ትጨርሳለች። የክር መለኪያ ያላየው ሥራ እዚህ ዋጋ አገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ንድፉ ከስፌቱ ተለይቶ፣ በታወቀ ባለሙያ እጅ፣ በተወሰነ ጊዜ የሚጠናቀቅ ሥራ ሆነ። ተለይቶ የታየ ሥራ ዋጋው ሊጠየቅ ይችላል።

በደርሃም አውራጃና በደቡብ ዌልስ የድንጋይ ከሰል መንደሮች ደግሞ ሌላ ዓይነት አተማመን ተፈጠረ፤ እርሱም የኩዊልት ክበብ የሚባለው ነው። ባሏ በማዕድን ጉድጓድ አደጋ የሞተባት ወይም አካሉ የጎደለባት ሴት ጎረቤቶቿን አባል ታደርጋለች። አባላቱ በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሽልንግ ያህል ያዋጣሉ፤ እርሷ በገንዘቡ ጨርቅና ባዘቶ ገዝታ፣ ቤተሰቧንም እያስተዳደረች፣ ለአባላቱ ተራ በተራ ኩዊልት ታስረክባለች። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እቁብን ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ልዩነቱ፣ በእቁብ አባላቱ ሁሉ በተራቸው ገንዘብ ሲቀበሉ፣ እዚህ ገንዘቡ በየሳምንቱ ወደ አንዲት ሠሪ ሄዶ በኩዊልት መልክ የሚመለስ መሆኑ ነው።

በዚህ ክበብ ውስጥ ዋጋውን የወሰነው የአንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ከሳምንታዊ ደመወዙ ሊቀንስ የሚችለው መጠን ነበር። ጎረቤቶቹ ያዘዙት አልጋቸው ልብስ ስለፈለገ ብቻ ሳይሆን፣ መበለቲቱ ልጆቿን እንድታሳድግ ጭምር ነው። ትእዛዝና ድጋፍ በአንድ ሽልንግ ውስጥ ተቀላቀሉ። ቅልቅሉ ሥራ ሰጣት፤ ነገር ግን ዋጋው ከጎረቤቶቿ አቅም በላይ ከፍ እንዳይል ጣሪያ አበጀለት። ከረዷት ሰዎች ጋር ስለ ዋጋ መከራከር ቀላል አይደለም።

ጣሪያው ከፍ ያለው ገዢው ሲለወጥ ነው። ከ1926ቱ የማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም በኋላ መንደሮቹ በሥራ አጥነት ተጎድተው ነበር። በ1928 የገጠር ኢንዱስትሪዎች ቢሮ የተባለው ድርጅት የዌልስንና የደርሃምን ሴቶች ሥራ ለለንደን ባለጠጎች የሚያቀርብ እቅድ ጀመረ። ሙሪየል ሮዝ በከፈተችው ሊትል ጋለሪ በተባለው ሱቅ ኩዊልቶቹ ይታዘዙ ነበር፤ ክላሪጅስ የተባለው ታላቅ ሆቴልም ለአዲሱ ክፍሉ አሠርቷል። እጆቹ ያው የመንደሩ እጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ሐር ጨርቅን፣ ደቃቅ ስፌትንና ከንጽሕና የማይጎድል አሠራርን ይጠይቅ ነበር፤ ሥራውም በሌላ ሰው መመዘኛ መፈተሽ ጀመረ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር እቅዱ ተቋረጠ፤ የለንደንን ገዢ ያገናኛቸው ድልድይም አብሮ ፈረሰ።

የነጻነት ስፌት ማኅበር

ሠሪዎቹ ራሳቸው ድልድዩን ሊሠሩ ይችሉ ነበርን? ይህን ጥያቄ ወደ አላባማ ግዛት፣ ዊልኮክስ አውራጃ ይዘን እንሂድ። በአላባማ ወንዝ እጥፋት ላይ ያለችው ጊስ ቤንድ የቀድሞ ባሮች ዘሮች የሚኖሩባት መንደር ናት። በ1960ዎቹ ጥቁር ዜጎች በመራጭነት ለመመዝገብ ሲነሡ፣ በአውራጃው ብዙ ቤተሰቦች ከሚያርሱት የባለርስት መሬት ተፈናቀሉ። ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባም በ1962 ተቋርጦ ነበር፤ አገልግሎቱ የተመለሰው በ2006 ነው።

በ1965 መጨረሻ ፍራንሲስ ዋልተር የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ በአካባቢው ሲያልፍ በገመድ ላይ የተሰጡ ኩዊልቶችን አየ። ከሴቶቹ እያንዳንዱን በ10 ዶላር ገዝቶ በኒው ዮርክ በጨረታ እንዲሸጡ አደረገ። በ1966 ሴቶቹ የነጻነት ስፌት ማኅበርን፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ኤስቴል ዊዘርስፑን ለረጅም ዓመታት መሩት።

እስቲ 10 ዶላሩን እንመርምር። በዚያን ጊዜ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 1.25 ዶላር ነበር። 10 ዶላር ማለት እንግዲህ የ8 ሰዓት ደመወዝ ነው። ሙሉ ኩዊልት በእጅ ሰፍቶ በ8 ሰዓት የሚጨርስ የለም። ታዲያ ሴቶቹ ስለምን ተቀበሉት? መልሱ በሕጉ ውስጥ ነው። የ1938ቱ የደመወዝ ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን አያካትትም ነበር። የእርሻ ሠራተኞች በከፊል የገቡት በ1966 በጸደቀው ማሻሻያ ነው፤ የቤት ሠራተኞች ደግሞ በ1974። ለእነዚህ ሴቶች ከመርፌ ሌላ የነበሩት አማራጮች በዋነኝነት የጥጥ ማሳና የሰው ቤት ነበሩ፤ ሁለቱም ከሕጉ ውጭ ነበሩ። 10 ዶላሩ ትልቅ የመሰለው ከአማራጩ አንጻር ሲታይ ነው።

ማኅበሩ ይህን አማራጭ ለመለወጥ ተነሣ። ትእዛዝ በጋራ መቀበል፣ ዋጋ በጋራ መደራደር ጀመረ። እንደ ብሉሚንግዴልስ ያሉ ታላላቅ ሱቆች ደንበኞቹ ሆኑ። መሬት ገዝቶ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ቦታ ሸጠ፤ በ1969 በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተሰየመ የስፌት ማዕከል ሠራ። በ1972 ሲርስ ከተባለው ኩባንያ ጋር የኮርዶሮይ የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ። ይህ ውል በአካባቢው ብርቅ የነበረ ቋሚ ገቢ አስገኘ።

ዋጋውን ግን በሌላ በኩል ከፈሉ። ታላላቅ ሱቆች የሚፈልጉት እርስ በርሱ የሚመሳሰል ዕቃ ነበር። የሴቶቹ ልማድ ግን ንድፍን በሥራ መካከል እንደ ጨርቁ ሁኔታ መለዋወጥ ነበር። ለትእዛዝ ሲሰፉ ይህን ልማድ ወደ ጎን ማድረግ ግድ ሆነባቸው፤ ለቤታቸው ሲሰፉ ግን ቀጠሉበት፤ ከሲርስ ሥራ የተረፈውን ኮርዶሮይ ሳይቀር ለራሳቸው ኩዊልት አዋሉት። በ2002 የጊስ ቤንድ ኩዊልቶች በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩና ሲደነቁ፣ በአብዛኛው የቀረቡት ለቤተሰብ አልጋ የተሰፉት ነበሩ። ከፍተኛውን አድናቆት ያገኘው ሥራ ሲሠራ ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልተመነው ሥራ ሆነ። ማኅበሩ በ2012 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ከ2021 ጀምሮ የመንደሩ ሴቶች በኢንተርኔት ሱቅ በራሳቸው ስም፣ ራሳቸው በተመኑት ዋጋ መሸጥ ጀምረዋል።

ከዋጋ በስተጀርባ

እዚህ ላይ፣ ሙያው ሲከበር ዋጋውም አብሮ ይከበራል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፓወርስ ኩዊልት የሚገኝበት የስሚዝሶኒያን ተቋም፣ ከስብስቡ የተመረጡ ኩዊልቶች በቻይና በርካሽ የእጅ ሥራ እየተባዙ እንዲሸጡ ፈቃድ ሰጠ፤ ከእነርሱም አንዱ የፓወርስ ነበር። አሜሪካውያን ኩዊልት ሠሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ሥራው በሙዚየም ከብሮ ተቀምጦ ሳለ፣ የሕያዋን ሠሪዎች የእጅ ዋጋ እጅግ ዝቅተኛ አማራጭ ካላት ሩቅ ሴት ዋጋ ጋር ተፎካካሪ ሆነ። ለዕቃው የተሰጠው ክብር ለእጁ አልተረፈም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው ምክር፣ የዋጋ መዝገብ በእጃችሁ ሲገባ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁት የሚል ነው። አንደኛ፣ የተቆጠረው ምንድን ነው፣ ሳይቆጠር ያለፈውስ? ሁለተኛ፣ ሠሪዋ እንቢ ብትል ምን ይጠብቃት ነበር? ሦስተኛ፣ ዋጋው ከፍ ሲል በምትኩ የተተወ ነገር አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ለአላባማ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ የአንድን ጥበብ ቀሚስ ዋጋ ብትጠይቁ፣ የማጉን፣ የሸማኔውን፣ የጠላፊዋንና የነጋዴውን ድርሻ እየለያችሁ ብትመዘግቡ፣ የነገው የታሪክ ተመራማሪ የሚፈልገውን ሰነድ ዛሬ ታዘጋጃላችሁ። ነጋዴው ሒሳቡን ይጽፋል፤ የጠላፊዋን ምሽት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፍላት የለም።